በጥላሸት ላይ የተለጠፈው ወርቃማ ወረቀትና የተቆለፈው የጣሪያ በር

ጥር 4 ቀን 1997 ዓ.ም.
መንሱራ፣ ሪያድ

ለኅብረት የመረዳጃና የመኖሪያ ማኅበር ሊቀመንበር
ለክቡር አቶ አሰፋ
ሪያድ

ጉዳዩ፦ በማኅበሩ የመንሱራ ሕንፃ ደረጃ ላይ የተሰቀሉት ማስዋቢያዎች እንዲወርዱ፣ የጣሪያው በር እንዳይቆለፍ፣ ስለ እሳት ጥንቃቄም በሥራ ላይ የሚውል ደንብ በጽሑፍ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክቡር ሊቀመንበር፤

1. አመልካች መምህር ፍቅረማርያም ባንቴ እባላለሁ። አገር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት፣ እዚህ ሪያድ ደግሞ የወገኖቻችንን ልጆች በማስጠናት አሥራ አንድ ዓመት ሳይንስ አስተምሬ አሁን በዕድሜ ምክንያት ሥራ አቁሜያለሁ። ከባለቤቴ ከተዋበች ጋር፣ በነርስነት በምትሠራው ልጃችን በፍቅርተ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሥር ሆነን፣ ማኅበሩ ከባለንብረቱ በአንድ ውል ተከራይቶ ለአባላቱ በሚያከራየው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ በመጨረሻው ፎቅ ላይ እንኖራለን። ከእኛ በላይ ያለው ጣሪያው ብቻ ነው። ጣሪያው ላይ አንዲት ክፍል አለች፤ በእርሷም ውስጥ በሰው ቤት ምግብ እያበሰለች የምትተዳደር ሰሊማ የምትባል የወሎ ልጅ ትኖራለች።

2. በቀጥታ ወደ እርስዎ መምጣቴ ከሥርዓት ውጭ እንዳይቆጠርብኝ አስቀድሜ ላስረዳ። ጉዳዩን መጀመሪያ ያቀረብኩት ለሕንፃችን ኮሚቴ ነው። ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ አንድም ጊዜ በጽሑፍ አልተመለሰልኝም። በቃል የተመለሰልኝን ከዚህ በታች እንደተነገረኝ አሰፍረዋለሁ። ከእንግዲህ መጠበቅ የማልችለው ጥር 12 ቀን፣ በዓረፋ ዕለት፣ ሁሉም ሰው ከሥራ ስለሚያርፍ፣ በዚሁ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የሠርግ ድግስ ስለተሰናዳ ነው። እንግዳው ሁሉ በአንዲት ደረጃ ይወጣል፤ በዚያችው ይወርዳል። ደረጃዋ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለች መጥተው ቢያዩልኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር።

3. የሕንፃችን ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ንጋቱ ናቸው። ከሰብሳቢነታቸው ጎን ለጎን ለሠርግ፣ ለልደትና ለክርስትና ማስዋቢያ ያከራያሉ፤ ዲኮር የሚባለው ሥራ ነው። ሠርተው በማደራቸው ቅር የሚለኝ ነገር የለም። የሚያስጸይፈኝ የጋራ ደረጃችንን የዕቃ ማሳያና መጋዘን ማድረጋቸው ነው። ከመግቢያው እስከ አራተኛው ፎቅ ባለው የደረጃ መደገፊያ ላይ የፕላስቲክ ሐረግ ተጠምጥሟል። በየማረፊያው ሰው ሠራሽ ጽጌረዳ፣ የስፖንጅ ልብ፣ የሳቲን መጋረጃ ቆሟል። ደንበኛ ሲመጣ አቶ ንጋቱ ፎቅ በፎቅ እያዞሩ ያሳያሉ፤ «ይኼ ተራው ነው፣ ልዩው ከላይ ነው፣ ያላ ውጡ» ይላሉ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ከልዩው ፊት ለፊት ነው። ጽጌረዳዎቹ ታጥበው አያውቁም። ከየቤቱ የሚወጣው የጥብስ ቅባትና የበረሃው አቧራ አንድ ላይ ረግቶባቸው፣ ሲነኳቸው ጣት ላይ ይጣበቃሉ። ቅጠሉ ላይ የሞቱ ዝንቦች አሉ። የሳቲኑ ጫፍ የአላፊ አግዳሚው እጅ ተጠርጎበት ጠቁሯል። ከሥራ ደክሞ የሚመጣ ሰው ትከሻውን አጥብቦ በዚህ መካከል ይሾልካል።

የተረፈው ዕቃቸው፣ ድንኳኑና ወንበሩ፣ ጣሪያው ላይ ተከምሯል። እንዳይሰረቅባቸው የጣሪያውን የብረት በር ከደረጃው በኩል በጓጉንቸር ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይዞራሉ። ሰሊማ ወደ ሥራ መሄድ ስትፈልግ ከጣሪያው ላይ ስልክ ደውላ ታስከፍታለች። አንዲት አዋቂ ሴት፣ ኪራይ እየከፈለች፣ ከቤቷ ለመውጣት የሰው ፈቃድ ትጠይቃለች ማለት ነው።

4. ባለቤቴ ተዋበች የአስም ሕመምተኛ ናት። አራት ፎቅ ወርዳ መውጣት አትችልም። ሐኪሟ በየጠዋቱ ፀሐይና ንጹሕ አየር እንድታገኝ ስላዘዘላት በፊት ጣሪያው ላይ ወጥታ ትቀመጥ ነበር። ሰሊማ ወንበር ታወጣላታለች፤ ሽንኩርት እየላጡ ያወራሉ። በሩ መቆለፍ ከጀመረ ወዲህ የተዋበች ዓለም ሁለት ክፍልና አንድ መስኮት ሆኖ ቀረ። መስኮቱም የሚያየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ይህ አቤቱታ ስለ ጌጥ ምርጫ የቀረበ እንዳይመስልዎት እለምናለሁ። ያ በር ለባለቤቴ በሰላም ቀን መተንፈሻዋ ነው፤ በክፉ ቀን ደግሞ ሌላ መውጫ የላትም።

5. ክፉው ቀን አንድ ጊዜ መጥቷል። ባለፈው መስከረም፣ ለዘመን መለወጫ፣ ደረጃው ላይ ቄጠማ ይጎዝጎዝ ተባለ። ሪያድ ውስጥ ቄጠማ የለም። አቶ ንጋቱ ከበግ ገበያው ብርሲም፣ ለከብት የሚሸጠውን ለምለም ሣር፣ በፒካፕ አስጭነው አመጡና ከመግቢያው እስከ ጣሪያው በር ድረስ አስጎዘጎዙ። ጠዋት ሽታው ደስ ይል ነበር። ነገር ግን አገር ቤት መስከረም ማለት መሬቱ ገና ከክረምቱ ዝናብ ያልደረቀበት፣ የተጎዘጎዘ ሣር እርጥብ ሆኖ የሚቆይበት ወር ነው። የሪያድ መስከረም ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አልነግርዎትም። ጠዋት ለምለም የነበረው ሣር ከቀትር በኋላ ሲረግጡት ይንኮሻኮሽ ጀመር፤ በማግሥቱ ድርቆሽ ሆነ። የሲጋራ ቁራጭ፣ የቴምር ፍሬና የከረሜላ ወረቀት ተቀላቀለበት፤ በረሮ ገባበት፤ የበግ ጉረኖ ሸተተ። ይጠረግ ብዬ ስጠይቅ አቶ ንጋቱ እንዲህ አሉኝ፤ «ጋሼ፣ ዓውደ ዓመት በአንድ ቀን አይጠረግም። እስከ ሦስተኛው ቀን ይቆይ፤ ባህላችንን እንዳንረሳ።» ባህሉን ይዘን ስንመጣ ዝናቡን እዚያው ትተን መምጣታችንን ላስረዳቸው ሞከርኩ። «አይ አስተማሪ! አሁን ደግሞ ደረጃውን ማረም ጀመሩ?» ብለው እየሳቁ ወረዱ።

6. በዚያው ድርቆሽ ላይ፣ በደረጃው መደገፊያ ግርጌ፣ ብልጭ ድርግም የሚል የመብራት ገመድ ተዘርግቶ ነበር። እኛ ባደግንበት አገር ሶኬት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት። እዚህ ግን በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ። ለመብራትና ለትንንሽ ዕቃ አነስተኛው፣ ለሙከይፍ ማለትም ለአየር ማቀዝቀዣው ከፍተኛው። ከበጥሓ ገበያ የተገዛው የመብራት ገመድ ለአነስተኛው የተሠራ መሆኑ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፤ ሳጥኑ በእጄ ይገኛል። አቶ ንጋቱ ግን እንደ አገር ቤት ሁሉም ሶኬት አንድ ነው ብለው፣ በሦስተኛው ፎቅ ካለው ባዶ ክፍል፣ ከሙከይፉ ሶኬት ላይ በማስረዘሚያ ሰኩት። አምፖሎቹ ከልክ በላይ ደመቁ። «ማሻአላህ፣ እንዴት ያምራል!» ያላለ ሰው አልነበረም። አንዳንዶቹ እየተቃጠሉ ሲጠፉ የቀሩት ይበልጥ እየደመቁ፣ ገመዱም ይበልጥ እየጋለ ሄደ። ለዓይን ውበት መስሎ የታየው መቃጠል ነበር።

7. መስከረም 3 ቀን ከቀትር በኋላ፣ አብዛኛው ነዋሪ ሥራ ላይ እያለ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ገመዱ ሣሩን አቀጣጠለ። ሣሩ ሐረጉን፣ ሐረጉ ሳቲኑን አያያዘ። እኔ በሬን ስከፍት ጥቁርና ወፍራም፣ የቀለጠ ፕላስቲክ የሚሸት ጢስ ከታች ወደ ላይ እየተግተለተለ ነበር። በር ዘግተን እንዳንቀመጥ ጢሱ በበሩ ሥር እየገባ ነው፤ ተዋበችንም ወዲያው ማፈን ጀመራት። ወደ ታች መውረድ አይቻልም። ሁለት ነጠላ በውኃ ነክሬ አንዱን በእርሷ፣ አንዱን በራሴ አፍ ላይ አድርጌ ደግፌያት ወደ ጣሪያው በር ወጣን። በሩ እንደ ልማዱ ተቆልፎ ነበር።

8. ስደበድብ ሰሊማ ከወዲያ በኩል መጣች። የተባባልነውን እንደተባለ አሰፍራለሁ፤ ኮሚቴው ምስክርነቷን ሊቀበል አልፈለገምና።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት? ጓጉንቸሩ እኮ በእርስዎ በኩል ነው!» አለች። ቁልፉ የት እንዳለ ስጠይቃት፣ «ለንጋቱ ደውዬለታለሁ፤ ባዲዓ ሰፈር ዕቃ እያወረድኩ ነው፣ ትንሽ ታገሺ አለኝ። ሰው ሊያልቅ ነው ስለው፣ አትጩሂብኝ ብሎ ዘጋው» አለችኝ። ወዲያውም፣ «እትዬ ተዋቡ! ወለሉ ላይ ይተኙ! አፍዎን በበሩ ሥር ያድርጉት፣ በዚህ በኩል አየር አለ!» ብላ ጮኸች።

በበሩና በወለሉ መካከል ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት አለ። እኔና ባለቤቴ አፋችንን በዚያ ክፍተት ላይ ደፍተን በሆዳችን ተኛን። ከጉንጬ ሥር የነበረው የተረገጠ ድርቆሽ፣ የሰው ምራቅና አንድ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ነው። ሰሊማም ከወዲያ ተኝታ በትሪ እያራገበች አየሩን ወደ እኛ ትገፋልናለች፤ የውኃ ጎማ ከበሩ ሥር አስገብታም ታርሰናለች። «እትዬ፣ ይሰሙኛል? ያናግሩኝ እንጂ! ዝም አይበሉኝ፣ እናቴ» ትላለች። ተዋበች መናገር አልቻለችም። ጣቶቿን በክፍተቱ አሾልካ ሰጠቻት፤ ሰሊማም ጣቶቿን ይዛ ቆየች። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ልጆችን ቀና ብላችሁ ተቀመጡ ስል የኖርኩ ሰው፣ በስድሳ ስድስት ዓመቴ እንደዚያ ሆኜ ተነፈስኩ።

9. እሳቱን ያጠፉት በሁለተኛው ፎቅ የሚኖሩ ልጆች ናቸው፤ ከታችኛው የውኃ ታንከር በባልዲ እየተቀባበሉ። አቶ ንጋቱ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ጓጉንቸሩን ከፍተው፣ ወለሉ ላይ በተኛችው ባለቤቴ ላይ ተራምደው ወደ ጣሪያው ወጡና፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ድንኳኑ ደኅና ነው» አሉ። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተዋበች በልጃችን ጥረት ሆስፒታል ገብታ አራት ቀን ተኛች። ሐኪሟ ሳንባዋ እንዲህ ያለውን ጢስ ሁለተኛ ጊዜ እንደማይችል በግልጽ ነግሮናል።

በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ግን ነገሩ «የጢስ ክስተት» ተብሎ ተመዝግቧል። ለምን እሳት አልተባለም ብዬ ብጠይቅ፣ «ጋሼ፣ ነበልባል በዓይንዎ አይተዋል? አላዩም። እንግዲያው ጢስ ነው» ተባልኩ። ለሳይንስ መምህር ነው ይህ የተነገረው።

10. ከእሳቱ በኋላ ግድግዳው ከሦስተኛው ፎቅ እስከ ጣሪያው በር ጠቁሮ ቀረ። ይታጠባል፣ ቀለም ይቀባል ብዬ ጠበቅኩ። ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን በሬን ስከፍት ግድግዳው ወርቅ ሆኖ አገኘሁት። ጥላሸቱ ሳይታጠብ፣ የቀለጠው ፕላስቲክ ሳይፋቅ፣ የስጦታ መጠቅለያ የሚሆን የሚያብረቀርቅ ወረቀት ከላይ በሙጫ ተለጥፎበታል። ሙጫው የያዘው ግድግዳውን ሳይሆን ጥላሸቱን ስለሆነ ወረቀቱ በየቦታው ሆዱን ነፍቷል። ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ ይንኮሻኮሻል፤ በመጋጠሚያው መካከል ጥቁር ዱቄት ይፈስሳል። ሽታው አልጠፋም፤ ሙጫው ተጨመረበት እንጂ። በወረቀቱ ላይ አዲስ ሐረግ፣ በሐረጉ ላይ አዲስ የመብራት ገመድ ተሰቀለ። ባለፈው እሳት የተበላው ሁሉ ተመልሶ፣ ያኔ ያልነበረ አንድ ተጨማሪ ማገዶ ታክሎበት ተሰናድቷል። ክቡር ሊቀመንበር፣ በዕድሜዬ ብዙ ቆሻሻ አይቻለሁ። የሚያብለጨልጭ ቆሻሻ ሳይ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የጣሪያው ጓጉንቸርም ተቀይሯል። በትልቅ ተቀይሯል።

11. ኮሚቴው «የጋራ ቦታዎች የማስዋቢያ ደንብ» የሚል አንድ ገጽ መግቢያው ላይ ለጥፏል። እርሳስ ይዤ አነበብኩት። ቀለሞች እርስ በርስ መጣጣም እንዳለባቸው ይደነግጋል። ማስዋቢያ የሚነካ ወይም የሚያወርድ ነዋሪ እንደሚጠየቅ ይደነግጋል። የጣሪያውን ጓጉንቸር ከሰብሳቢው በቀር ማንም እንዳይነካ ይደነግጋል። ስለ እሳት ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «እሳት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። እሳት ማስታወቂያ አንብቦ የሚመለስ ይመስል።

12. በዚያው ሰሞን ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ የእሳት ማጥፊያ ተሰቀለ። ደስ አለኝ፤ የኮሚቴውን ጸሐፊ አቶ ጀላልንም አመሰገንኩ። ከሳምንት በኋላ ማጥፊያው ከዓይን ጠፋ። ስፈልገው እዚያው ቦታው ላይ ነው፤ በነጭ ሳቲን ተጠቅልሎ፣ ወገቡ ላይ ሪባን ታስሮለት፣ አናቱ ላይ አበባ ተሰክቶበት። አቶ ንጋቱ ምክንያቱን ሲገልጹ፣ «ቀዩ ከወርቁ ጋር አይሄድማ፤ ሙሽሮቹ እዚህ ጋ ነው ፎቶ የሚነሡት» አሉ። ሳቲኑን ገልጬ መለኪያውን ተመለከትኩ። መርፌው ባዶ በሚለው ላይ ቆሟል። ባዶ ዕቃ ገንዘው አቁመውልናል።

13. አቶ ንጋቱ ዕቃቸውን እሳት እንደማይነካው፣ ይህንንም ያስመጣላቸው ነጋዴ እንደነገራቸው ይናገራሉ። ያልፈተኑትን መናገር ስለማልወድ፣ ራሳቸው ተገንጥለው ደረጃው ላይ ወድቀው ያገኘኋቸውን ቁራጮች ወደ ቤት ወስጄ፣ ውኃ አጠገቤ አድርጌ፣ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ በፒንሳ ይዤ በክብሪት ፈተንኳቸው። ወርቃማው ወረቀት ክብሪቱ ገና ሳይጠጋው ተያያዘ፤ ነድዶ ያለቀውም ከክብሪቱ እንጨት ቀድሞ ነው። ሳቲኑ ወደ ላይ እየተሸበሸበ ነደደ። የሐረጉ ቅጠል ከሁሉም የከፋ ነው፤ እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ ጠብታው ወለል ላይ ከወደቀ በኋላም መንደዱን አይተውም። በደረጃ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአምስተኛ ክፍል ልጅ ብነግረው ይገባዋል። እሳት ወደ ላይ ይወጣል፤ ይህኛው ወደ ታችም ይወርዳል። ተዋበች ከመኝታ ክፍል ሆና ሽታውን ስታገኘው «እርሱ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ፈተናውን አቆምኩ።

14. ለሦስተኛው ማመልከቻዬ መልስ ይዘው የመጡት አቶ ጀላል ናቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ደጃፌ ላይ ቆመው መሬት መሬት እያዩ ነው የነገሩኝ። «ጋሼ፣ ወላሂ እኔም አልወደድኩትም። ግን ዲኮሩን ለማኅበሩ በዓል ሁሉ በነጻ የሚሰጠን እሱ ነው። ለዓረፋ ለእኛ፣ ለገና ለእናንተ። አውርድ ብንለው ጠቅልሎ ይሄዳል። ኸላስ፣ የሆነው ሆኗል፤ የሰው ደስታ አናበላሽ» አሉኝ። ቤት ቀይሩ ብለው የመከሩኝም አሉ። እኛ ብንለቅ በእኛ ቦታ የሚገባው ሰው በዚያው በር ሥር ይተኛል እንጂ የሚለወጥ ነገር የለም።

15. ስለ ሠርጉ ግልጽ መሆን እፈልጋለሁ። ሙሽራው ዳግም በልጅነቱ እኔ ያስጠናሁት ልጅ ነው። ቃል ኪዳኑን አገር ቤት ፈጽሞ ሙሽራዋን ይዟት መጥቷል፤ ወገኖቹ ቢደግሱለት ደስታዬ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን ጣሪያው ላይ ድንኳን ይተከላል፤ በድንኳኑ አጠገብ በጋዝ ይበሰላል፤ የጥር ብርድ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሰካል። ከሥር ያለው ደረጃ ከላይ የገለጽኩት ነው። በዚህ ሁሉ ላይ አቶ ንጋቱ ያልተጠራ ሰው እንዳይገባ እንግዳው ተሟልቶ ከወጣ በኋላ በሩ ከደረጃው በኩል እንደሚቆለፍ በስብሰባ ላይ ተናግረዋል። «ሠርግ ነው፣ ገበያ አይደለም» ነው ያሉት። ያን ጊዜ አፉን በበሩ ሥር የሚደፋው ሰው በወዲያኛውም በወዲህኛውም በኩል ይሆናል።

16. ለምን ወደ አገሩ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት አልሄድክም ብለው ሊጠይቁኝ ይችላሉ። መንገዱን አውቀዋለሁ። ነገር ግን እነርሱ በመጡ በማግሥቱ ሌሎች ይመጣሉ፤ ወረቀታቸው ያልተሟላ ወገኖቻችን በየፎቁ መኖራቸውን ጽሕፈት ቤትዎ ያውቃል። በመስከረሙ እሳት ማንም ስልክ ያልደወለው በዚሁ ምክንያት ነው። የሚያፍን ጢስ ውስጥ ሆነው እንኳ የፈሩት እሳቱን አልነበረም። አቶ ንጋቱም ይህን ፍርሃት በሚገባ ያውቁታል፤ «ሂዱና ክሰሱ፤ መጀመሪያ ወደ አገሩ የሚጫነው ማን እንደሆነ እናያለን» ብለው በመግቢያው ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናግረዋል። ካየሁትና ከሰማሁት ሁሉ ይበልጥ ያቅለሸለሸኝ ይህ ነው። ስለዚህ ልጮህበት የምችለው ደጅ የእርስዎ ብቻ ነው። ይህ ደጅ ከተዘጋብኝ ሌላ የለኝም።

17. በመሆኑም ጽሕፈት ቤትዎ ከጥር 12 ቀን በፊት፦

ሀ. ከመግቢያው እስከ ጣሪያው በደረጃው፣ በማረፊያውና በግድግዳው ላይ ያለው ማስዋቢያ በሙሉ እንዲወርድ፤ ወርቃማው ወረቀት ተልጦ ጥላሸቱ እንዲታጠብ፤

ለ. የጣሪያው በር በማንም፣ በማንኛውም ምክንያት እንዳይቆለፍ፤ አቶ ንጋቱ ዕቃዬ ይሰረቅብኛል የሚሉ ከሆነ ዕቃቸውን ይቆልፉ እንጂ ሰው እንዳይቆልፉበት፤

ሐ. እሳት ማጥፊያው ከነሳቲኑ ወርዶ ተሞልቶ፣ ቀይ እንደሆነ በሚታይ ቦታ እንዲሰቀል፤

መ. ስለ ጋራ ቦታዎች አዲስ ደንብ እንዲወጣ። ረቂቁን ለመጻፍ ፈቃደኛ ነኝ፤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። በደረጃ ላይ የሚነድ ነገር አይሰቀልም፣ አይጎዘጎዝም፣ አይከመርም፤ የመብራት ገመድ በየትኛው ሶኬት እንደሚሰካ የሚያውቅ ሰው ሳያየው አይሰካም፤ መውጫ አይዘጋም። ይኸው ነው። ማስዋቢያ የሚያከራይ ሰውም ስለ ማስዋቢያ በሚወሰንበት ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ፤

እንዲያዝልኝ በማክበር አመለክታለሁ።

18. በመጨረሻም ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰሙት በፊት ራሴ ላሳውቅዎት የሚገባ ነገር አለ።

ባለፈው እሑድ ዳግም ለሠርጉ ሊጠራን መጣ። መጥሪያውን ተቀብዬ ወደ ጣሪያው በር ይዤው ወጣሁና ባለቤቴ የተኛችበትን ቦታ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ እጁን በክፍተቱ ሥር አሾለከ። ሰሊማ ከወዲያ ሆና «ማነው?» አለች። ዳግም እጁን መልሶ ቀና አለና፣ «ካቻቢቴ አለዎት፣ ቲቸር?» አለኝ።

መስከረም ላይ በእጄ የነበረው እርጥብ ነጠላ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ካቻቢቴ ገዝቼ አስቀምጬ ነበር። ያልተጠቀምኩበት መልስ እየጠበቅኩ ስለነበረ ነው። ጓጉንቸሩ የሚገባበት የብረት ቀለበት ግድግዳው ላይ በአራት ብሎን የታሰረ ነበር፤ ፈታናቸው። ቀጥሎም በሩን ከማጠፊያው ላይ አንሥተን አወረድነው። ሰሊማ ከወዲያ ደግፋልናለች። ሐሳቡም ኃላፊነቱም የእኔ ነው፤ ዳግም እኔ ልሸከመው የማልችለውን ተሸከመልኝ እንጂ ሌላ ጥፋት የለበትም። ስሙን ልተወው ስል፣ «ይጻፉት፤ ድግሱ የእኔ ነው» ብሎኛል።

በሩን በማውረዴ የኮሚቴውን ደንብ አልጣስኩም። ደንቡ የሚከለክለው ጓጉንቸሩን መንካት ነው፤ ጓጉንቸሩን አልነካሁትም። እንደተቆለፈ፣ ከነቀለበቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። በሩ እኛ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ብሎኖቹም በአንድ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጠዋል። አቶ ንጋቱ ትናንት መጥተው ደጃፌን ሲደበድቡ፣ «ሌባ! በሬን መልሱ!» ሲሉ፣ ቁልፉን ይዘው ቢመጡ ጓጉንቸሩን ለብቻው ሊወስዱት እንደሚችሉ፣ በሩን ግን ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ካልታዘዝኩ እንደማልመልስ በትሕትና ነግሬያቸዋለሁ። ጣሪያው ክፍት ስለሆነ ደረጃው ላይ አሸዋ ይገባል። ጠዋት ጠዋት እኔ እጠርገዋለሁ።

ትእዛዝዎ በሩ እንዲመለስ ከሆነ እመልሳለሁ፤ ለማኅበሬ አልታዘዝም የምል ሰው አይደለሁም። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ትእዛዙን የሚያደርሰው ሰው ጠዋት ይምጣ፤ ወደ እኔም ከመግባቱ በፊት ወደ ጣሪያው ይውጣ። ባለቤቴ ከሰሊማ ጋር ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። በሩ ተመልሶ እንዲቆለፍ የተወሰነ መሆኑን ለእኔ ሳይሆን ለእርሷ ይንገራት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር መልስዎን ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

(ፊርማ)
መምህር ፍቅረማርያም ባንቴ
የመንሱራ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ

አባሪ፦ የመብራት ገመዱ ባዶ ሳጥን፣ አንድ፤ ከወርቃማው ወረቀት ተገንጥሎ የወደቀ ናሙና፣ ከጀርባው ጥላሸት ጋር፣ አንድ

ግልባጭ፦
ለሕንፃው ኮሚቴ ጸሐፊ ለአቶ ጀላል